የሜትር ታክሲ መተግበሪያዎች ለከተማ ዳርቻ ነዋሪ የሚሆን መልስ አላቸው?

ጥያቄ፦ የአራብሳ ነዋሪ

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። የምኖረው በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሲሆን መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ሙያዬ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መሥራት በመሆኑ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር አንድ ሐሳብ ስናወጣና ስናወርድ ቆይተን፣ ገንዘብም ጊዜም ከማፍሰሳችን በፊት መንገዱን የሚያውቁ ሰዎች ቢተቹት ይሻላል ብለን ተስማምተናል።

ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ከአራብሳ በጎሮ በኩል ወደ መገናኛና ወደ ቦሌ የሚወጡትን የቤት መኪኖች ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሹፌሩ ብቻ ነው። መኪኖቹ የሚያልፉት ደግሞ ታክሲ ጠፍቶ በተሰለፈው ሰው አጠገብ ነው። እኛ ያሰብነው መኪና ያለው ሰው የሚወጣበትን ሰዓትና የሚሄድበትን አቅጣጫ አስቀድሞ የሚያስመዘግብበት፣ ጎረቤቱ ባዶውን መቀመጫ የሚይዝበት፣ የነዳጁንም ወጪ በቴሌብር የሚጋሩበት መተግበሪያ ነው።

ሦስት ነገሮችን መጠየቅ እወዳለሁ። ራይድ፣ ፈረስና ዛይራይድን የመሳሰሉት ኩባንያዎች ይህንኑ አገልግሎት ነገ ራሳቸው ቢጀምሩት የእኛ ድካም ከንቱ አይሆንም ወይ? ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ከመሀል ከተማ ወደ አራብሳ የሜትር ታክሲ ስንጠራ ሹፌሮች መዳረሻውን ሲሰሙ የሚሸሹት ለምንድን ነው? ደግሞስ በሌሎች አገሮች የተሞከረው የጉዞ መጋራት ሥራ ከከተማ ዳር ለሚኖር ሰው ምን አስገኘ? አስተያየታችሁን በትሕትና እጠብቃለሁ።

መልስ፦ ባለ ኮድ 3

ወንድሜ፣ ከጥያቄዎቹ በሁለተኛው ላይ እኔ ልመልስ። ኮድ 3 የቤት መኪና ይዤ በሁለት መተግበሪያዎች እሠራለሁ፤ ቤቴም ጎሮ ስለሆነ የሚሉትን መንገድ ቀንም ሌሊትም አውቀዋለሁ። ተሳፋሪ የሹፌር ክፋት አድርጎ የሚቆጥረው ይህ ሽሽት አብዛኛውን ጊዜ የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ጉዞው 20 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ሜትሩ የሚቆጥረው ተሳፋሪው መኪና ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አራብሳ ላደርስዎ እችላለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት ከአራብሳ ወደ መሀል ከተማ የሚሄድ ሰው ስለማይገኝ 20ውን ኪሎ ሜትር ባዶዬን እመለሳለሁ። በዚህ ጊዜ በኪሎ ሜትር የማገኘው ገቢ በግማሽ ይወርዳል ማለት ነው። ኩባንያው ኮሚሽኑን የሚቆርጠው ከሙሉው ሒሳብ ነው እንጂ የባዶውን መንገድ አይጋራኝም። የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ቤንዚን በየጊዜው ጨምሯል፤ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ጎማውም ፍሬን ሸራውም የዱሮ ዋጋው ተረስቷል። ያው ሹፌር በዚያው ሰዓት ከቦሌ ወደ ካዛንቺስ፣ ከካዛንቺስ ወደ ፒያሳ እያለ ሲሠራ ከአንዱ ጥሪ ወደሚቀጥለው የሚጓዘው ባዶ መንገድ አጭር ነው። ስለዚህ ደውሎ «መዳረሻዎ የት ነው?» ይላል፤ ስሙን ሲሰማ ጥሪውን ተሳፋሪው ራሱ እንዲሰርዘው ይለምናል፤ እርሱ ከሰረዘው ነጥቡ ይወርድበታልና። ድርጊቱ ደስ የሚያሰኝ ነው አልልም። ነገር ግን ቅጣት በማብዛት የሚድን አይደለም፤ የተቀጣው ሹፌር በሚቀጥለው ቀን በዚያ ሰዓት ስልኩን ይዘጋል እንጂ አራብሳ አይሄድም።

አንድ የተለወጠ ነገር አለ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከሉበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ይዘው ወደ ሥራው የገቡ ባልደረቦች አሉን፤ እነርሱ ሩቅ ጉዞ ሲመጣላቸው እንደኛ አይደነግጡም። ባዶ የሚመለሱበት መንገድ የሚያስወጣቸው የኤሌክትሪክ ዋጋ ከቤንዚኑ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ይሁን እንጂ እነርሱም የራሳቸው ችግር አለባቸው። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሹፌር መኪናውን የሚያቆመው በጋራው ግቢ ነው፤ ከአራተኛ ፎቅ ገመድ አውርዶ ባትሪ ሊሞላ አይችልም፤ መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ መሙያ ጣቢያ ሄዶ ይሰለፋል፤ ማታ የቀረችውንም ኃይል ለዳርቻ ጉዞ ማዋል ያስፈራዋል። ለግቢው ነዋሪዎች የጋራ መሙያ ቢተከል የማታው ችግር ከየትኛውም መተግበሪያ በተሻለ እንደሚቃለል አምናለሁ።

መልስ፦ የመንገድና ትራንስፖርት ፕላን ባለሙያ

ባለ ኮድ 3 የተናገረው የሜትር ታክሲ ብቻ አይደለም፤ መገናኛ ላይ ማታ የሚታየው ሰልፍም መነሻው ይኸው ነው። ሚኒባሱ ጠዋት ከአራብሳ ሞልቶ ይወጣል፤ ሲመለስ ግን የሚጭነው ሰው ስለማያገኝ ታፔላው የሚለውን መስመር ትቶ አጭር ምልልስ ይመርጣል። ማታ ደግሞ መስመሩን ጎሮ ላይ ቆርጦ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። ተራ አስከባሪው ላይም ረዳቱ ላይም መጮኽ ለምዶብናል፤ ነገር ግን ሰውን ሁሉ በአንድ ሰዓት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያጓጉዝ ከተማ የሠሩት እነርሱ አይደሉም።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሲጀመር ግንባታው ከመሀል ከተማው ብዙም ያልራቀ ነበር። ሰፋፊዎቹ ሳይቶች ግን ርካሽና ክፍት መሬት ወደሚገኝበት ወደ ዳርቻው ሄዱ፤ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ እንዲህ ተወለዱ። ቤቱ በዕጣ ወጣ፤ ሥራው፣ ሆስፒታሉና ዩኒቨርሲቲው ግን በነበረበት ቀረ። ባቡሩም ቢሆን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የምሥራቁ ጫፍ አያት ላይ ቆመ። ከአያት ወዲያ ያለው ሰው እስከ ጣቢያው የሚያደርሰው ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት በመቆማቸው ደግሞ ጣቢያው የደረሰም ሰው መጠበቁ አልቀረለትም።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ልለፍ። ኡበር እ.ኤ.አ. በ2009 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሲመሠረትና በኋላም ተከታዮቹ ሲበዙ የተሰጠው ተስፋ፣ ሰው የራሱን መኪና ትቶ በሌላው መኪና ስለሚጓዝ መንገድ ይቃለላል የሚል ነበር። የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በዚያችው በሳን ፍራንሲስኮ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ2010 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት በሥራ ቀናት በመንገድ መጨናነቅ የሚባክነው ሰዓት በ62 በመቶ አድጓል፤ እነዚህ ኩባንያዎች ባይኖሩ ኖሮ ዕድገቱ 22 በመቶ ይሆን ነበር። ምክንያቱ የሚያስደንቅ አይደለም፤ መኪናው ተሳፋሪ ፍለጋ ባዶውን ይዞራል፣ ከተሳፋሪውም ብዙው መኪናውን የተወ ሳይሆን አውቶቡሱን ወይም እግሩን የተወ ነው። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ለእነዚህ መኪኖች አዲስ ፈቃድ መስጠት ያቆመችው ይህን አይታ ነው። የእኛን ከተማ ስናስብ ደግሞ በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ አራት መቀመጫ ያለው መኪና ዋነኛ መፍትሔ ሊሆን የሚችለው ለጥቂቱ ሰው ነው።

የማያውቁትን ሰው አንድ መኪና ላይ አገናኝቶ ዋጋውን ማካፈልም ተሞክሯል። ኡበር ፑል የተባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2014 ተጀምሮ በኮሮና ምክንያት በመጋቢት 2020 ከመቆሙ በፊትም ቢሆን መከራው ብዙ ነበር፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ደቂቃ ከአንድ ሰፈር ወደ አንድ አቅጣጫ ካልጠሩ በቀር መጋራቱ አይሠራም፤ ሳይሠራ ሲቀር ደግሞ የተቀነሰውን ዋጋ ኩባንያው ከኪሱ ይከፍላል።

ለአራብሳ ቅርብ ሆኖ የማገኘው የካይሮውን ስዊቭል ነው። ይህ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 የተመሠረተው መኪና ለመጥራት ሳይሆን በተወሰነ መስመርና በተወሰነ ሰዓት በሚሄድ ሚኒባስ ላይ መቀመጫ በስልክ ለማስያዝ ነበር። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ተሳፋሪው መቀመጫ እንዳለው ያውቃል፣ ሹፌሩ ደግሞ ሞልቶ እንደሚነሣ ያውቃል። ናይሮቢ ሲገባ ግን በመጀመሪያ የገጠመው የፈቃድ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ የኬንያ የትራንስፖርት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2019 ተሽከርካሪዎቹ ለከተማ መደበኛ መስመር የሚሆን ፈቃድ የላቸውም ብሎ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ኩባንያው በአሜሪካው ናስዳክ ገበያ አክሲዮኑን አስመዘገበ፤ በዚያው ዓመት ሠራተኞቹን በብዛት ቀነሰና በናይሮቢ የከተማ ውስጥ መስመሮቹን አቆመ። ገንዘቡ ከባለሀብት እየመጣ ዋጋው ከወጪው በታች እስከሆነ ድረስ ወንበሩ ሞልቶ ነበር፤ የነዳጅ ዋጋ ሲወጣና የባለሀብቱ ልብ ሲቀዘቅዝ ግን ልዩነቱን የሚሸፍን አልተገኘም።

ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስመለስ፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ይቀሙናል የሚለው ሥጋት ብዙ ሊያሳስባችሁ አይገባም ባይ ነኝ። የእነርሱ ሥራ አሁን ለሚጠራ ሰው አሁን መኪና ማቅረብ ነው። የዳርቻው ሰው ችግር ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የት ቆሞ ወዴት እንደሚሄድ ዛሬ ያውቀዋል። የሚታወቅን ጉዞ እንዳልታወቀ ቆጥሮ በየጠዋቱ በጥሪ ማሳደድ ለሹፌሩም ለተሳፋሪውም ኪሳራ ነው። የሜትር ታክሲን ቦታ ግን አላጣጥልም፤ ራይድን የመሠረቱት ሳምራዊት ፍቅሩ ሐሳቡን ያመጣባቸው ማታ ከሥራ ወጥቶ በሰላም ወደ ቤት የመመለስ ችግር እንደነበር ተናግረዋል፤ ለማታ፣ ለሕመምተኛ፣ ዕቃ ለያዘ ሰው፣ ከአራብሳ እስከ አያት ባቡር ጣቢያ ላለው አጭር መንገድም ዛሬም የሚተካው የለም።

መልስ፦ የብሎካችን ሰርቪስ አስተባባሪ

እኔ በሳይቱ ውስጥ አንድ ሚኒባስ በወር ክፍያ ተከራይተን የምንመላለስ ነዋሪዎችን አስተባብራለሁ። እንዲህ ዓይነት ሰርቪስ በየካ አባዶም በቱሉ ዲምቱም ሞልቷል፤ የመንግሥት ሠራተኛው የራሱ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ስላለው፣ የግል መሥሪያ ቤት ሠራተኛውና ነጋዴው የፈጠሩት ነው። ጠያቂው ይህን በቴክኖሎጂ ያልተሠራ ሥራ ቢመለከት ከሳን ፍራንሲስኮ ይልቅ የሚማርበት ይመስለኛል።

ሰርቪስ እንደ ዕድር ነው፤ የቀረም ይከፍላል። አንድ ሰው ሳምንት ሙሉ ለሥልጠና አዳማ ቢሄድ መቀመጫው ባዶውን ይመላለሳል እንጂ ክፍያው አይቀነስለትም፤ ምክንያቱም ሹፌሩ የሚነዳው ለአሥራ ሁለት ሰው በተስማማበት ዋጋ ነው። ይህ ጥብቅነት በመጀመሪያ ያጣላናል፤ ከወር በኋላ ግን ሰርቪሱን ያቆመው እርሱ መሆኑን ሁሉም ይረዳል። ስንፈርስ ያየሁት ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው፤ አንዱ «የሄድኩበትን ቀን ብቻ ልክፈል» ይላል፣ ሁለተኛው ይከተለዋል፣ በወሩ መጨረሻ ሹፌሩ የጎደለውን አይቶ ወደ ታክሲ ተራው ይመለሳል።

ሁለተኛው ሕግ ሰዓት ነው። ከግቢ በር የምንነሣው 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ ያልደረሰ አይጠበቅም። አንድ ሰው የአምስት ደቂቃ መዘግየቱን እንደ ቀላል ነገር ያያል፤ ነገር ግን ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ የጎሮ መንገድ ስለሚዘጋ አምስቱ ደቂቃ መገናኛ ስንደርስ ግማሽ ሰዓት ሆኖ ይቆያል። ነፍሰ ጡር ወይም አረጋዊ ካለ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ሙዚቃ አይጮኽም፤ ሴቶች እኅቶቼ ደግሞ በታክሲ ግፊያ የሚደርስባቸው ነገር እዚህ የለም፤ ብዙዎቹ ከታክሲው ዋጋ በላይ የሚከፍሉት ስለዚህ ነው። ይህን የመጨረሻውን ነገር የመተግበሪያ ሰዎች ሲያነሡት አልሰማሁም።

ችግራችን የማታው ነው። ጠዋት ሁሉም አንድ ላይ ይወጣል፤ ማታ ግን አንዱ 11 ሰዓት፣ ሌላው 1 ሰዓት ይወጣል፤ ሰርቪሱ የሚነሣው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስለሆነ ሥራ የበዛበት ሰው ለጠዋትም ለማታም ከፍሎ ማታ መገናኛ ይሰለፋል። በአጠገባችን ደግሞ ሌላ ብሎክ የያዘው ሚኒባስ 1 ሰዓት ላይ ከዚያው ሜክሲኮ ይነሣል፤ እዚያም ቀደም ብሎ የወጣ ሰው መቀመጫ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። እኔ ይህን በቴሌግራም ቡድን ላስማማ እሞክራለሁ፤ «ዛሬ ማታ መቀመጫ አለኝ» የሚለው መልእክት በሰላምታና በማስታወቂያ መሀል ይጠፋል፤ ሁለት ሰው በአንድ መቀመጫ ላይ የተስማማ ጊዜም ጭቅጭቁ በእኔ ላይ ይወድቃል። ሶፍትዌር ሠሪዎች ከሆናችሁ በየሳይቱ ያሉትን ሰርቪሶች መዝግባችሁ፣ የቀረ ሰው መቀመጫውን ለዕለቱ ለሌላ የሚያስተላልፍበትንና ክፍያው በቀጥታ ለእርሱ የሚገባበትን ነገር ሥሩልን። አዲስ መኪና አያስፈልገውም፤ አዲስ ሹፌርም አያስፈልገውም።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በስልክ ዳታ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ነገር አትሥሩ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ በመተግበሪያ ብቻ ይሠራ የነበረ ሁሉ ቆሟል። ከእኛም ተሳፋሪዎች ተራ ስልክ የሚይዙ አሉ፤ በአጭር መልእክትም ሊሠራ ይገባል።

የአራብሳ ነዋሪ (ጠያቂው)

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አስተባባሪዋ የጠቆሙት የመቀመጫ መለዋወጫ ሐሳብ እኛ ካሰብነው ይልቅ በቶሎ ሊሠራ የሚችል ሆኖ ስላገኘነው ከባልደረቦቼ ጋር በዝርዝር እንነጋገርበታለን። ይሁን እንጂ የቤት መኪኖቹ ጉዳይ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ያ ሁሉ ባዶ ወንበር በየጠዋቱ ሲያልፍ ማየት ያንገበግባል። ኮድ 2 መኪና ያለው ሰው ከጎረቤቱ የነዳጅ ድርሻ ቢቀበል ሕግና መድን ምን ይላሉ? ባለ ኮድ 3 ወንድማችንንም ልጠይቅ፤ በወር ክፍያ የሚሠራ ሹፌር ጠዋት ሰው አድርሶ ባዶውን ከተመለሰ ቀደም ሲል የነገሩን ሒሳብ እዚህም አይመጣም ወይ?

መልስ፦ በመድን ሥራ ላይ ያለ

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ ሊንቀሳቀስ አይችልም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን መድን ሰጪው የዓመቱን ክፍያ ሲተምን በመጀመሪያ የሚጠይቀው ተሽከርካሪው ለምን አገልግሎት እንደሚውል መሆኑን ነው። ለግል አገልግሎት ተብሎ የተገባ ሙሉ መድን፣ መኪናው ለኪራይ ወይም በክፍያ ሰው ለማጓጓዝ ሲውል የደረሰን ጉዳት እንደማይሸፍን በውሉ ላይ ይጻፋል። ኮድ 2 መኪና በክፍያ ሰው ለማመላለስም ፈቃድ የለውም፤ የሜትር ታክሲ ሥራ በኮድ 1ና በኮድ 3 የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ነዳጅ መጋራትና በክፍያ ማጓጓዝ የሚለያዩበት ቦታ የት ነው ቢባል፣ አደጋ እስኪደርስ ድረስ ማንም አይጠይቅም፤ ከደረሰ በኋላ ግን የሚመረመረው ይህ ነው። ሁለት የሥራ ባልደረቦች በሳምንት እየተፈራረቁ አንዱ ሌላውን ቢያደርስ ክፍያ የለም፤ ክርክርም የለም። ጎረቤት አልፎ አልፎ ነዳጅ ቢሞላለትም ይህን አጓጓዥነት ነው ለማለት ያስቸግራል። ነገር ግን በመተግበሪያ ላይ ዋጋ ተተምኖ፣ ሰውየው በየቀኑ ከሦስት የማያውቃቸው ተሳፋሪዎች እየተቀበለ፣ ድርጅታችሁም ከዚያ ላይ ድርሻ እየወሰደ ከሆነ፣ ይህን የነዳጅ መጋራት ነው ብሎ መድን ሰጪን ማሳመን ይከብዳል። ገንዘቡ የተላለፈበት መዝገብም በራሳችሁ አገልጋይ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ ስለሚገኝ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። ጉዳት የደረሰበት ተሳፋሪ ካሣ ሲጠይቅ ባለመኪናው ከኪሱ ሊከፍል ይገደዳል፤ እርሱም ወደ እናንተ መዞሩ አይቀርም።

በእኔ አስተያየት ክፍያ በሌለበት ማፈራረቅ ላይ ብቻ የተመሠረተ አገልግሎት ጀምሩ፤ ወይም የቤት መኪናውን ትታችሁ ከኮድ 3 ሚኒባሶች ጋር ሥሩ። ለዚህኛው ቢሆን ከአዲስ አበባ ትራንስፖርት ቢሮ የሥራ ፈቃዱ በየትኛው መደብ እንደሚሰጥ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የናይሮቢውን ክርክር ባለሙያው ነግረዋችኋል። በሚኒባሱ የመድን ውል ላይ ደግሞ የተፈቀደው የተሳፋሪ ቁጥር ስንት እንደሆነ ተመልከቱ፤ ትርፍ ሰው ተጭኖ የደረሰ አደጋ በየጊዜው የሚያከራክረን ነገር ነው።

መልስ፦ ባለ ኮድ 3

ለእኔ የቀረበውን ጥያቄ ልመልስ። ሒሳቡ የሚመጣው ሹፌሩ መሀል ከተማ የሚኖር ከሆነ ነው። እርሱ ገና በሌሊት ባዶውን አራብሳ መጥቶ ሰው ይጭናል፤ ማታም ሰው አድርሶ ባዶውን ይመለሳል። ዳርቻ የሚኖር ሹፌር ግን ጠዋት ወደ ሥራው መውጣቱ፣ ማታም ወደ ቤቱ መግባቱ የማይቀር ነው። እኔ ራሴ ጠዋት ከጎሮ ተነሥቼ የመጀመሪያውን ጥሪ የማገኘው ብዙ ጊዜ ቦሌ ከደረስኩ በኋላ ነው፤ ማታ ሥራ ሳቆምም ከዚያው ባዶዬን እገባለሁ። ያ መንገድ ቢሞላልኝ ትርፍ ነው፤ ቀኑን ደግሞ በሜትር ስሠራ እውላለሁ። በውጭ አገር ባሉ መተግበሪያዎች ሹፌሩ «ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነው» ብሎ ወደዚያ አቅጣጫ የሚሄዱ ጥሪዎችን ብቻ የሚቀበልበት ነገር እንዳለ ሰምቻለሁ፤ እኔ የምሠራባቸው ይህን አይሰጡኝም። ጠያቂው ለየአቅጣጫው ዳር የሚኖሩ ሹፌሮችን ለይቶ ቢመዘግብ፣ በጎሮና በሰሚት፣ በአያትና በየካ አባዶ ብቻ ብዙ ሰው ያገኛል።

መኪናዬ የምትይዘው አራት ተሳፋሪ ስለሆነ ከአስተባባሪዋ ሚኒባስ ጋር የምትወዳደር አይደለችም። ነገር ግን 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ለሚወጡ፣ ሰርቪሱ ላመለጣቸው ወይም ልጅ ትምህርት ቤት አድርሰው ለሚሄዱ ሰዎች ልትሆን ትችላለች። አንዱ ሰው በስሙ ይዋዋለኝ፤ የቀሩት ሦስቱ ከእርሱ ጋር ይተሳሰቡ፤ እኔ ከአራት ሰው ገንዘብ ስለቃቅም መዋል አልፈልግም። ክፍያው በወር መጀመሪያ በቴሌብር ይሁን፤ የቤንዚን ዋጋ በይፋ የተጨመረ ወር እንደገና እንነጋገራለን። ማታ ከሜክሲኮ ወይም ከስታዲየም 2 ሰዓት ላይ እነሣለሁ። አስተባባሪዋ በቡድናቸው ላይ የሚፈልግ ሰው ካገኙ በዚህ መድረክ የውስጥ መልእክት ይላኩልኝ፤ ከሚመጣው ወር መጀመሪያ ጀምሮ ዝግጁ ነኝ።